ያልተደመጠው ሸክላ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1994

ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። ቤት የነበርነው ባሌ ክሊፍ፣ ኬልቪን፣ ኮራልና እኔ ነን። ኮራል ከለንደን በባቡር መጥታ ኬልቪን ከጣቢያ በመኪናው አመጣት። ቢልስተንን ከረገጠች አሥራ አምስት ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። ቀይ ካፖርት ለብሳለች። ከእኔ የምታንሰው በሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ወገቧ ግን ያው የድሮው ነው።

የመጡበት ጉዳይ ይህ ነው። የለንደኑ የሙዚቃ ኩባንያ ክሊፍ ጊታር ይጫወትበት የነበረውን የጣዎሶቹን ባንድ ነጠላ ዜማዎች በሙሉ አሰባስቦ በአንድ ሲዲ ሊያወጣ ነው። አሥራ አራቱንም፣ በወጡበት ቅደም ተከተል። ፎቶና ታሪክ ያለበት ትንሽ መጽሐፍም አብሮ ይታተማል፤ ጸሐፊዋ ኮራል ናት። ድሮ የአድናቂዎቹ ክበብ ጸሐፊ ስለነበረች ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም ተብሏል። ከሁሉም የበለጠ ደስ ያለው ዘፋኛቸው ኬልቪን ነው። ጸጉሩን እንደገና ቀለም ተቀብቷል። ክሊፍን፣ "ያን ባለ ትልቅ ተረከዝ ጫማ አውርደውና እንሞክረው፤ ድሮ ስንወድቅ ሰው ይስቅ ነበር፣ አሁን አምቡላንስ ነው የሚጠራው" አለው። እኔም ሳቅኩ።

አንድ ችግር አለ። የአሥራ ሦስቱ ዋና ቴፕ ተገኝቷል። የ"አረንጓዴ ጓንት" ግን የተቀመጠበት ምድር ቤት ውሃ ገብቶበት ጠፍቷል። ከአሥራ አራቱ ክሊፍ የጻፈው እሱን ብቻ ነው፤ የቀሩት የኬልቪን ናቸው። ንጹሕ ሸክላ ተገኝቶ ከዚያ ካልተቀዳ ከስብስቡ ይወጣል። ኮራል የክሊፍን ክንድ ይዛ፣ "አንተ ዘንድ ነጩ ነበረ አይደል?" አለችው። ክሊፍ ወደ እኔ ዞር አለ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ልሞላ ተነሣሁ።

ክንዱን የያዘችው በግራ እጇ ነው። ጣቷ ላይ ቀለበት የለም።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6

ዝናብ። ክሊፍ ጣሪያ ሥር ወጥቶ ካርቶን ሲያገላብጥ ዋለ። አቧራ ለብሶ ወረደ። አላየሁትም አልኩት። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 9

ደመና፣ ዝናብ ግን የለም። ክሊፍ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዷል። ቤቱ ጸጥ ስላለ በደንብ ልጻፍ።

ሸክላው ከስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከቅድ ወረቀቶቼ ሥር። እዚያ ከተቀመጠ ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። ፋብሪካው ብዙውን ከማተሙ በፊት ለሙከራ ጥቂት ያወጣ ነበር፤ መሐሉ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነጭ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። ለአራቱም የባንዱ አባላት አንድ አንድ ደረሳቸው። ከዚያ የነዳጁ ችግር መጣ፤ ሸክላም የሚሠራው ከነዳጅ ተዋጽኦ ነው። በዚያ ክረምት ፋብሪካዎቹ የተመለሰ አሮጌ ሸክላ ከነወረቀቱ እያቀለጡ ነበር የሚያትሙት፤ ስለዚህ ሱቅ የገባው "አረንጓዴ ጓንት" ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንጫጫል። ደህናዎቹ አራቱ ነጮች ብቻ ናቸው። የኬልቪኑን አንድ ሰው ድግስ ላይ ተቀመጠበት። ከበሮ መቺው ሲሞት ሚስቱ ዕቃውን ሁሉ ሸጠች። የባስ ጊታር ተጫዋቹ አውስትራሊያ ሲሄድ የሱ ጠፋበት። የቀረው የኛ ነው።

ክሊፍ ያመጣልኝ ኖቬምበር ላይ ነበር። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ለባንዱ የብር ቀለም ያለው ሱሪ እሰፋለሁ። ሸክላውን ጭኔ ላይ አስቀምጦ፣ "ይኼኛው የኔ ነው" አለኝ። ርእሱን ነገረኝ። በዚያው ሳምንት ዎልቨርሃምፕተን ከመድረክ በስተኋላ ኮራልን አረንጓዴ ጓንት አድርጋ አይቻት ነበር፤ እስከ ክርኗ የሚደርስ፣ ደህና ቆዳ። ሱሪውን ስጨርስ እሰማዋለሁ አልኩት። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሬድዮ ላይ ሲጀምር የመኪናውን ፔዳል እረግጥ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እስካሁን ሰምቼው አላውቅም። ክሊፍም አንድ ቀን አልጠየቀኝም።

ይህን የሚያነብ ሰው ቂመኛ ሊለኝ ይችላል። ማንም አያነበውም።

በዚያ ዘመን እኔ አልነበርኩም። ኩባንያው፣ ልጃገረዶች ሚስት ያለውን ሰው ሸክላ አይገዙም ብሎ ነበር። ኮራል ለአድናቂዎች በምትልከው ወረቀት ላይ፣ "ክሊፍ፤ ያላገባ፤ ረጃጅም ሴቶች ይወዳል" ብላ ጻፈች። እኔ ከወንበር ላይ ካልወጣሁ የላይኛውን መደርደሪያ አልደርስበትም። ልጃገረዶቹ አድራሻ አፈላልገው በሩን ሲያንኳኩ እህቱ ነኝ እል ነበር። አንዷ፣ "እንዴት ታድለሻል፣ በየቀኑ ታዪዋለሽ" አለችኝ።

ኮራል ኮሌጅ ገብታ ነው የተማረችው። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ትምህርት አቁሜ፣ የቀረውን ቺፕስ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ከቅድ ወረቀት ጀርባ ነው የለቃቀምኩት። መጻፍ ግን እችላለሁ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 14

ኮራል ስልክ ደወለች። ክሊፍ ኮሪደሩ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ አወራት። በሩን አልዘጋም፤ ስለዚህ ማዳመጥ ሊባል አይችልም። በመጨረሻ፣ "አይ፣ እሷ እንዲህ ዓይነት ነገር አትጥልም፤ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ አትጥልም" ሲል ሰማሁት።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 19

ብርዳማ፣ ጥርት ያለ ቀን። ኮራል ድምፅ መቅጃ ይዛ መጣች። ለመጽሐፉ ክሊፍን ልትጠይቅ ነው። ሳሎን ውስጥ የሚዜ ቀሚስ ለአንዲት ደንበኛ እያዘጋጀሁ ስለነበር መውጣት አልቻልኩም። ቀሚሱን ወጥ ቤት ወስጄ መሥራት እችል ነበር። አልወሰድኩትም።

ስለ ሁሉም ዘፈን ጠየቀችው፤ የት እንደተቀዳ፣ ማን ሰክሮ እንደነበር። ከዚያ ዞር ብላ፣ "ሙሪዬ፣ አንቺ እኮ ዕድለኛ ነሽ፤ ያ ሁሉ ግርግር ሳይነካሽ አለፈ" አለችኝ። አፌ ውስጥ ስድስት ስፒል ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ።

"አረንጓዴ ጓንት" ላይ ስትደርስ ድምፅ መቅጃውን ወደሱ አስጠጋች። "እንግዲህ ንገረኛ፣ ለታሪክ ይቀመጥ" አለችው። ክሊፍ ጺሙን አሸት አድርጎ፣ "ምን እነግርሻለሁ፣ ብርድ ነበር" አለ። ሁለቱም ሳቁ። ረጅም ሳቅ አይደለም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ ነው።

ስትሄድ ጉንጬን ሳመችኝ። ጥሩ ሽቶ ነው።


ሐሙስ 20

የሚዜው ቀሚስ ጠበበ። ፈታሁት። እንደገና ጠበበ። ምን ብርድ? የት?


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 27

ነፋስ። ኬልቪን ከዴንማርክ የመጣ ሸክላ ይዞ ገባ። እዚያ ያለ ሰብሳቢ ነው የላከው፤ በዓለም ላይ ካሉት የተሻለው የኔ ነው ብሎ ምሎ። ኬልቪን ማጫወቻው ላይ ሲያስቀምጠው እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ያልደረቀ ልብስ ሰበሰብኩ። እዚያም ድረስ ይሰማል፤ ዘፈኑ ሳይሆን ጩኸቱ። ቤከን መጥበሻ ላይ የሚጠበስ ነው የሚመስለው።

ስመለስ ክሊፍ አንገቱን አዘንብሎ በቀኝ ጆሮው ያዳምጣል፤ ከዚያ በግራው። "የሚንጫጫው እሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ነው አልኩት።

ኬልቪን እንዲተወው መከረው። አሥራ ሦስት ይበቃል፣ ደግሞም ሰው ያን ዘፈን አያስታውሰውም፣ በሽያጭ ሠላሳ አንደኛ ነው የወጣው አለ።

"ሠላሳኛ" አለ ክሊፍ። "ለአንድ ሳምንት ሠላሳኛ ነበር።"

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ሠላሳኛ" አለ ኬልቪን፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው። ክሊፍ አልሳቀም። ኬልቪን ከሄደ በኋላ የዴንማርኩን ሸክላ በሸሚዙ ጠርዝ ሲወለውል አየሁት። መወልወል እንደማያጠራው ከእኔ በላይ ያውቃል።

አሁን አውጥቼ ብሰጠው ምን እለዋለሁ? ያን ቀን ነበር መስጠት፣ በመጀመሪያው ቀን። ዛሬ ከሰጠሁት መደበቄን ነው የምሰጠው።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 2

የመጽሐፉ ረቂቅ በፖስታ መጣ። ክሊፍ ካነበበው በኋላ እኔም አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ።

ገጽ አራት ላይ፣ "ዝነኞቹን የብር ልብሶች የሠራላቸው የለንደን ልብስ ነዳፊ ነበር" ይላል። ድሮ ለጋዜጣ የተነገረው ይህ ነው፤ ኬልቪን የጊታሪስቱ ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ሰፋችው ከማለት ይሻላል ብሎ የፈጠረው። ኮራል ግን ታውቃለች። ልካቸውን ሊለኩ ሲመጡ አብራቸው መጥታ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አራቱን ልብስ የሰፋሁት ከገበያ በገዛሁት የሳቲን ቁራጭና በበረዶ ላይ ሸርታቴ ቀሚሶች ትርፍራፊ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የእሑድ መረቃችን ውስጥ ብልጭልጭ ይገኝ ነበር።

የኮራል ስም ዘጠኝ ጊዜ አለ። የኔ የለም። ስለ "አረንጓዴ ጓንት" የተጻፈው እንዲህ ነው፤ "የጓንቱ ባለቤት ማን እንደሆነች ሲጠየቅ ክሊፍ ዛሬም ፈገግ ብቻ ይላል።" አጠገቡም ፎቶ አለ። እሷ መሐል ናት፣ እሱ ከጎኗ። ኮቱ የኔ ስፌት ነው። የግራ ትከሻው ላይ ያለውን እጥፋት ለማስተካከል ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ፎቶው ላይ ክንዷ ሸፍኖታል።

ክሊፍ ስለ ልብሱ ያለው እንዲታረም እነግራታለሁ አለ። ተወው አልኩት። እሺ አለ። ለምን እሺ እንዳለ አልገባኝም።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 8

ጭጋግ። ክሊፍን ሆስፒታል አጅቤው ሄድኩ፤ ጆሮውን ሊታይ። ስሙ ሲጠራ አልሰማም፤ እኔ ነኝ የነካሁት። የቀኙ አብዛኛው ሄዷል አሉ። የግራውም እየተከተለ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ድምፅ ማጉያ አጠገብ መቆም ነው ያመጣው።

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ እያየ፣ "ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው አሉ" አለኝ። "የጊታሩ የላይኛው ክር። አንድ ሁለት ዓመት ቢቀረው ነው።"

ጭጋጉ እየተገፈፈ ነው አልኩት። ያልኩት ይህን ነው።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 12

ፀሐይ ወጣ ብሎ ነበር። ገበያ ቆይቼ ስመለስ ክሊፍ የስፌት ጠረጴዛዬን ሲጠግን አገኘሁት። የታችኛው መሳቢያ ሁልጊዜ ሲሳብ ይይዝ ነበር፤ ሐዲዱን በሻማ ሰም ቀብቶት አሁን በአንድ ጣት ይሳባል። ቅዶቼን ሁሉ በቦታቸው መልሷቸዋል፤ የልጆቹ ከላይ፣ የትልልቆቹ ከታች፤ ሸክላውም ከሁሉም ሥር እንደነበረ ነው። ደግ ሰው ነው። አመሰገንኩት።

ማታ፣ ፍለጋውን ትቻለሁ አለ። ካልተገኘ አልተገኘም። ከዚያ ስለ ድንች አወራን።


ሰኞ 14

ዛሬ በረታሁ። ምንም አላሰብኩም። አራት መጋረጃ ጨረስኩ።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 18

ሙሉ ቀን ዝናብ። ኮራል ደወለች፤ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሥራው ማክሰኞ ጠዋት በርሚንግሃም ውስጥ ይጠናቀቃል፣ ሚስተር ፔል የሚባል የድምፅ ባለሙያ ዘንድ። እስከዚያ ካልተገኘ አሥራ ሦስት ሆኖ ይታተማል። "ለኔ ሳይሆን ለሱ ነው የማዝነው፣ ሙሪዬ" አለች። ድምጿ እውነተኛ ነበር። ይህ ነው ያናደደኝ።

ለክሊፍ ነገርኩት። የእግር ኳስ ውጤት እየሰማ ነበር፤ ድምፁን ቀነሰው። እኔም ቆሜ እያለሁ፣ መቀመጫ እንኳ ሳልይዝ፣ በሃያ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኩት።

"ስለ እሷ ነው?"

የትኛው ወይም የቷ ብሎ አልጠየቀም። "አዎ" አለ። "ስለ እሷ ነው።"

"ምን ነበር?"

"ጣቢያ ላይ ሸኘኋት፤ ባቡሩ ዘገየ፤ ብርድ ነበር። ቤት መጥቼ ጻፍኩት። ከዚያ ሌላ አልነበረም፤ አልነበረም ስልሽ ግን አልተመኘሁም ማለቴ አይደለም።" ከዚያ፣ "ሙሪየል፣ በሕይወቴ ጥሩ አድርጌ የሠራሁት አንድ ነገር እሱ ነው። ስለ ሌላ ነገር በሆነ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር" አለ።

ሬድዮውን ከፍ አደረገው። እኔ ሰሃን አጠብኩ። ሁለት ጊዜ ያጠብኩት ሰሃን አለ።

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር? ቢዋሸኝ ኖሮ ሸክላውን ዛሬውኑ እሰብረው ነበር። አላውቅም። ምናልባት አልሰብረውም።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 21

ነገ። ክሊፍ ስለ ነገ አላነሣም። ሸሚዙን ተኮስኩለት፣ የትም ባይሄድም። ፎቶው ላይ ያለው ክንዷ ከፊቴ አልሄድ አለ። አሥራ ሦስት ቢሆን ገጹም አብሮ ይሰረዛል፤ ጓንቱም፣ ፈገግታውም። አንድ ገጽ ነው። የሱ ስም ያለበት ዘፈንም ያው አንድ ነው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 22

ያደረግኩትን እንዳለ እጽፋለሁ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ፣ ገና ጨለማ ነው። ክሊፍ በግራ ጎኑ ተኝቷል፤ በዚያ ጎን ሲተኛ ምንም አይሰማም። ሻይ አፍልቼ ቆሜ ጠጣሁ። መሳቢያውን ሳብኩ። ሸክላውን በሁለት የሳቲን ቁራጭ ጠቅልዬ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ በክር ሰፋሁት፣ አውቶቡስ ውስጥ እንዳይጎብጥ። መሳቢያውን ሳልዘጋ ወጣሁ። 79 ቁጥር አውቶቡስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ሸክላውን እስከ በርሚንግሃም ጭኔ ላይ ያዝኩት።

የሚስተር ፔል ክፍል ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ ነው። ራሰ በራ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ስፌቱን በምላጭ ፈታ፤ እጁን ታጠበ፤ ሸክላውን በጠርዙ ይዞ ብርሃን ላይ አዘነበለው። ለረጅም ጊዜ አየው።

"መርፌ ነክቶት አያውቅም" አለ።

"አያውቅም።"

"በሃያ አንድ ዓመት? ለምን?"

"ስለ ሌላ ሴት ስለሆነ" አልኩት።

ሸክላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። እንዲህ ያለ ሸክላ የሚያምረው በመጀመሪያው ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ በተጫወተ ቁጥር ይፋቃል አለኝ፤ ስለዚህ የሚያጫውተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያው ይቀዳዋል። ኮሪደሩ ላይ ወንበር አለ፣ ከፈለጉ እዚያ ይቆዩ አለኝ። እዚሁ እቀመጣለሁ አልኩት።

ሦስት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ስለ እሷ ነው። ጣቢያው አለ፣ ብርዱ አለ፣ ጓንቷን አውልቃ እጇን በመስኮቱ ስትሰጠው አለ። እኔ ያለሁበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ቃል በቃል ጠበቅኩ። የለሁበትም። ከዚያ ኬልቪን ዝም አለና ጊታሩ ብቻውን ገባ፣ ከላይኛው ክር ጀምሮ። ክሊፍ በምሽት ወጥ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ስንት ዓመት ሰማሁት፤ እንዲህ አድርጎ ሲጫወት ግን ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ቀናሁ። በሴትዮዋ ብቻ አይደለም። በሃያ አንድ ዓመቱ ሁሉ፣ ይህን ሲሰሙት በኖሩት ሰዎች ሁሉ ቀናሁ።

ሚስተር ፔል መርፌውን አነሣ። "ከአሥራ አራቱ የሚበልጠው ይኸው ነው" አለ።

"አዎ" አልኩ።

ሸክላ ያዋሰ ሰው ስሙ ከመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ ይወጣል አለኝ። ብዕሩን አንሥቶ፣ "ከክሊፍ ትራንተር ልበል?" ብሎ ጠየቀ።

"አይደለም፣ የኔ ነው። ለኔ ነው የሰጠኝ። ሙሪየል ትራንተር ይበሉ። የክሊፍ ሚስት።"

ጻፈ። ሌላ የሚጨመር አለ ወይ አለ፤ ለሁለት መስመር የሚሆን ቦታ ብቻ ነው ያለው። የብር ልብሶቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ አልኩት፣ አራቱንም። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሁለተኛውን መስመር መጻፍ ጀመረ። ካፖርቴን ቆልፌ ነበር፣ የአውቶቡሱም ሰዓት ደርሷል፤ እስኪጨርስ ግን ከትከሻው በላይ እያየሁ ቆምኩ።